ለሳቅ የሚተው ቦታ

ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እሱም ይህን ስለለመደው ለሳቁ ጊዜ ይሰጣል። ባርኔጣውን ያነሣል፣ አንገቱን በትንሹ ዘንበል ያደርጋል፣ ሳቁ በረድ ሲል "ደህና ዋላችሁ?" ይላል። ያኔ እንደገና ይስቁበታል። ፊቱ ረዥም ነው፤ ከዐይኖቹ ሥር ቆዳው ከረጢት ሠርቶ ተንጠልጥሏል፤ ግንባሩ መጥፎ ወሬ አሁን የሰማ ሰው ግንባር ነው። በሰፈርም ሆነ በሲኒማ ቤት የሚታወቀው "ቆይማ" በሚለው ቅጽል ነው። ከቀደሙት ፊልሞቹ በአንዱ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ፣ አለቃም ይምጣ አምቡላንስ፣ እጁን ዘርግቶ "ቆይማ" ይል ነበር፤ ቃሉ በዚያው ተጣብቆበት ቀረ። ዛሬ የሰፈሩ ልጆች እናቱ ያወጣችለት ስም ይመስላቸዋል።

ፊልም ከመጀመሩ በፊት ጫማ ሻጭ ነበር። ሱቁ እንደ ኮሪደር ጠባብና ረዥም ሲሆን፣ በሁለቱም ግድግዳ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። መሐል ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከግድግዳው ግርጌ ደግሞ ከጉልበት በላይ የማያሳይ መስታወት ተደግፏል። የሻጩ ሥራ መንበርከክ ነው። ደንበኛው ይቀመጣል፤ ሻጩ ተንበርክኮ እግሩን ወደ ጫማው ያስገባለታል፣ ማሰሪያውን ያጠብቅለታል፤ ደንበኛው ተነሥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጎበዝ ሻጭ የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ደንበኛው በመስታወቱ እግሩን እያየ ሲያመነታ "ውይ፣ እንዴት ያምራል!" ያለ ሻጭ ገበያውን በገዛ አፉ አበላሸ፤ ሰውዬው ወዲያው መጠርጠር ይጀምራልና። ዝም ማለት ያስፈልጋል። ቆይማ መዳፎቹን ጭኖቹ ላይ አድርጎ፣ ከታች ወደ ላይ እያየ ዝም ይል ነበር። ያ ፊት ከታች ሲታይ፣ ጫማው ካልተሸጠ አንድ ቤተሰብ የሚበተን ይመስላል። ደንበኞች መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ ቀጥሎ ሳቃቸው ያመልጣቸዋል፣ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ባዶ እጃቸውን መውጣት ያሳፍራቸዋል።

"እኔ ስለ ቆዳውና ስለ ሶሉ ስለፈልፍ ጉሮሮዬ ይደርቃል" ይል ነበር የሱቁ ባለቤት። "ይሄ ደግሞ ዐይኑን ብቻ አንከራትቶ ይሸጠዋል።"

ያልሳቀች አንዲት ደንበኛ ነበረች። ከመንገዱ ማዶ ባለው የልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ገብታ ጥቁር ጫማ ለካች። ተነሥታ ቆመች። ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ እሱ ተመለከተች። እሱ ዝም አለ። እሷም ዝም አለች። የሱቁ ባለቤት ከካርቶኖቹ ኋላ አንገቱን አውጥቶ ማን ቀድሞ እንደሚሸነፍ ይጠብቅ ጀመር።

"ምን ታፈጥብኛለህ?" አለች በመጨረሻ።

"እየጠበቅኩ ነው።"

"ምኑን?"

"ይወስዱት እንደሆነ።"

"ጠቦኛል እኮ! እግሬ ሊፈነዳ ነው። አንተ ደግሞ እግሬ ሥር ለቅሶ ተቀምጠሃል።"

ሳትገዛ ወጣች። በማግስቱ በስፌት ቤቱ መስኮት ሥር ሲያልፍ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለና የሴት ሳቅ ፈነዳ። ቀና ቢል እሷ ናት፤ ግንባሯን በጨርቁ ላይ ደፍታ ትንፈራፈራለች። የትናንቱ ነገር ያሳቃት ገና አሁን ነበር። ከተጋቡ በኋላ እንደተረዳው፣ የዚህች ሴት ሳቅ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ቲያትር ቤት ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲንከተከት እሷ በተዋናዩ ኮት ላይ የጎደለ ቁልፍ ታያለች። ሳቋ የሚመጣው በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ፣ ወይም ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። "አሁን ደግሞ ምን አሳቀሽ?" ሲላት፣ ዐይኗን እየጠረገች "የትናንቱ" ትላለች።

ወደ መድረክ የወሰዱት እዚያው ሱቅ የመጡ ተዋንያን ናቸው። ለአንድ ቲያትር የሚሆን ጫማ ሊገዙ ገብተው ጫማውን ትተው ሻጩን ያዩ ጀመር። ቅዳሜና እሑድ ከእነሱ ጋር መጫወት ያዘ። መድረኩ ያስተማረው ነገር ከሱቁ ብዙ አይርቅም። ተናገር፤ ዝም በል፤ ሳቁ ይምጣ፣ ከፍ ይበል፤ መውረድ ሲጀምር፣ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ ቀጣዩን ቃል ጣል አድርግ። ከቸኮልክ ሳቁ ቃልህን ይውጠዋል፤ ከዘገየህ አዳራሹ ይበርዳል። ይህን ለመልመድ ለሌሎች ዓመታት ይፈጅባቸዋል። እሱ ተንበርክኮ ተምሮት ስለመጣ ወዲያው ገባው።

የመጀመሪያውን ፊልም ሲሠራ ግን ይኸው ችሎታው ጉድ አፈላበት። ፊልም ሲቀረጽ ማንም አይስቅም። ድምፁ እዚያው ስለሚቀዳ መሳቅ ክልክል ነው። መብራት የያዘው ከንፈሩን ይነክሳል፤ ሜካፕ የምትሠራዋ ፊቷን በፎጣ ትሸፍናለች፤ ሳቁ የማይቆምለት ሰው እግሩን አጥፎ እየተሳበ ከክፍሉ ይወጣል። አስቂኝ ተዋናይ እንዲህ እንደ መቃብር በጸጥታ የሚሠራበት ቦታ ፊልም ብቻ ነው። ቆይማ ግን የሌለውን ሳቅ እንዳለ ቆጥሮ ይጠብቅ ነበር። አንድ ነገር ይናገራል፤ ከዚያም ወደ ባዶው አየር እያየ ይቆያል። በጭንቅላቱ ውስጥ የሞላ አዳራሽ ይስቃል፤ ያ ሳቅ ሲወርድ ቀጣዩን ይላል።

የተቀረጸውን ቆርጦ የሚገጣጥመው ኤዲተር ነገሩ አልገባውም። ወፍራም፣ ነጭናጫ፣ ሥራውን አክባሪ ሰው ነው። ፕሮዲውሰሩ በጠባቡ የማሳያ ክፍል ብቻውን ተቀምጦ አየና "ይሄ ሰውዬ እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?" ሲለው፣ እሱም ይህንኑ ሲያስብ ስለነበር ዝምታዎቹን አንድ በአንድ ቆርጦ ጣላቸው። ፊልሙ ፈጠነ። ሁለቱም ደስ አላቸው።

ፊልሙ በታየበት የመጀመሪያ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቆይማ ከሚስቱ ጋር በኋለኛው ረድፍ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ቀልድ ሲመጣ ሕዝቡ ፈነዳ፤ ሁለተኛው ቀልድ ግን በዚያ ሳቅ መሐል ተነግሮ አለፈ። "ምን አለ? ምን አለ?" ይባባል ጀመር። ሦስተኛውም እንዲሁ ተዋጠ። ከዚያ ሰዉ እንዲሰማ ብሎ እርስ በርሱ "እሽሽ!" መባባል ጀመረ። ፊልሙ ሊጋመስ ሲል የሚስቅ ሰው ሁሉ በጎረቤቱ ይገላመጥ ነበር። በኮሜዲ ፊልም ላይ ሕዝብ እንዳይስቅ እርስ በርሱ ሲጠባበቅ ያን ቀን ታየ።

ኤዲተሩን በር ላይ አገኘው።

"ገደልከኝ!" አለው ቆይማ።

"እኔ? በየዐረፍተ ነገሩ የምታንቀላፋው አንተ!"

"አላንቀላፋሁም። ለሰዉ ቦታ እየተውኩ ነበር።"

"ለየትኛው ሰው? ቀረጻ ላይ ከእናንተ ሌላ ማን ነበረ?"

"ለእነዚህ!" አለና ከአዳራሹ እየተገፋፋ የሚወጣውን ሕዝብ አሳየው።

ሚስቱ እስከዚያ ዝም ብላ የኤዲተሩን ሸሚዝ ስታይ ነበር፤ ሆዱ ላይ ቁልፎቹ ሊበጠሱ ተወጥረዋል። "ቀሚስ ስሰፋ ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ" አለችው። "ሴትዮዋ ቆማ ስትለካው ትርፉ ያለ አይመስልም። ስትቀመጥና ስትበላ ነው የሚፈለገው። አንተ ትርፉን ሁሉ ቆርጠህ ጥለህ ሰዉን ቆሞ እንዲያይ አደረግከው።"

"እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም፣ እትዬ።"

"ሸሚዝህም ይናገራል።"

ኤዲተሩ ፊቱን አጥቁሮ ሄደ። ነገር ግን በማግስቱ ትኬቱን ቆርጦ ብቻውን ገባ፤ በተከታዩም ቀን ገባ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ተመልሶ የጣላቸውን ዝምታዎች እየለቀመ መለሳቸው። እንዲህ የታረመው ፊልም በሌሎች ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ሰዉ እንደ ልቡ ሳቀ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ልማድም አወጡ፦ ማንኛውም ፊልም ከማለቁ በፊት አዳራሽ ይዘው ሾፌሩን፣ ተማሪውን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ያገኙትን ሁሉ በነጻ ያስገባሉ። ኤዲተሩ ፊልሙ ከሚታይበት ነጭ መጋረጃ ሥር ወንበር ያደርጋል፤ ግን ጀርባውን ለፊልሙ፣ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሳቁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወርድ ያያል። ከቆይማ ሚስት በተዋሱት ቃል ይህን ሥራ "ልክ መውሰድ" ይሉታል።

ዓመታት አለፉ። ቆይማ ሙሽራ ሆነ፣ ዳኛ ሆነ፣ የሰረቀውን ሬዲዮ ድምፁ አልሰማ ስላለው ለባለቤቱ መልሶ እንዲጠገንለት የሚጠይቅ ሌባ ሆነ። ቤት ውስጥ ግን ቀልድ አያውቅም። ዕቃ ያጥባል፣ በረንዳው ላይ ያሉትን አበቦች ውሃ ያጠጣል፣ ጋዜጣ ያነባል። "ሰዉ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ስስቅ የምውል ይመስለዋል" ትላለች ሚስቱ ለጎረቤቶቿ። "እኔ የደረሰኝ ዕቃ አጣቢ ነው። ደግሞ ሳህኑን በደንብ አያለቀልቀውም።"

ጸጉሩ በከፊል ከሸሸ በኋላ ከአንዲት ወጣት ዳይሬክተር ጋር አንድ ፊልም ጀመረ። በአጥር ምክንያት ተጣልተው ለብዙ ዘመን ስላልተነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ቆይማ ታላቁ ነው። አብዛኛው ተቀርጾ የቀረው የመጨረሻው ትዕይንት ነበር፦ ታላቅ ወንድም ሊታረቅ የታናሹን በር የሚያንኳኳበት።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ ውሃው በአፉ ጎን እየፈሰሰ አስቸገረው። መስታወቱን አየ። የፊቱ ግራ ጎን ወርዷል። ቅንድቦቹን ወደ ላይ ለማንሣት ሞከረ፤ ቀኙ ወጣ፣ ግራው ባለበት ቀረ። ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ሚስቱ ሻይ ትቀዳ ነበር።

"ፊቴን እይው" ሊላት ፈለገ። ቃሉ በአንድ በኩል ተንሸራቶ ወጣ።

ቀና ብላ አየችው፤ ሳቀችም። እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ዘግይቶ ሲደርስ የኖረው ሳቅ ያን ቀን በሰዓቱ ደረሰ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ በጠረጴዛው ጠርዝ ተደገፈች። "ውይ በሞትኩት! ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው? አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት በጠዋት!"

እሱ ጠበቀ። ሳቅ ቶሎ እንዲያልቅ ሲመኝ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ከከንፈሩ ጥግ ምራቅ ወደ አገጩ ወረደ፤ አልተሰማውም። እሷ ግን አየችው።

"አንተ..." አለች። "ተው እንጂ። ኧረ ተው።"

"መተው... አልቻልኩም።"

ሐኪም ቤት ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ገና ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። "ጋሼ ቆይማ! እዚህም አይተዉን?" ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ዘወር ዘወር እያሉ ይስቁ ጀመር። ሚስቱ ተነሥታ "አሞት ነው!" ብትል የባሰ ሳቁ፤ እሷም የቀልዱ ተባባሪ መሰለቻቸው። ሐኪሙ ብቻ አልሳቀም።

"ጉንጭዎን ይንፉልኝ፣ አባቴ። ጥሩ። አሁን ግራ ዐይንዎን ይጨፍኑ። እስቲ ፈገግ ይበሉ።"

"እሱን... ድሮም አልችልበትም" አለ ቆይማ።

የአንጎል በሽታ አልነበረም። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አብጧል፤ ሐኪሙ በብዙዎቹ ላይ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደሚመለስ፣ በአንዳንዱ ላይ ግን ምልክት ትቶ እንደሚሄድ ነገራቸው። ክኒን አዘዘ፤ ሲተኛ የግራ ዐይኑ ስለማይከደን በፕላስተር እንዲለጠፍ አሳሰበ።

ወደ ቤት ሲመለሱ በታክሲው ውስጥ ሚስቱ ቦርሳዋን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። ሊደርሱ ሲሉ "ሳቅኩብህ" አለችው።

"ሰው ሁሉ ይስቅብኛል።"

"እኔ ሰው ሁሉ ነኝ እንዴ?"

እጇን ከቦርሳው ላይ አንሥቶ ያዘው።

በተከታዮቹ ቀናት ወደ ዳቦ ቤት ብቅ ሲል ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፤ ወደ ፋርማሲ ሲሄድ አንድ ባለሞተር ቆሞ አጨበጨበለት። ማስረዳት አይችልም፤ በተናገረ ቁጥር ቃሉ እየተንሸራተተ ሳቁን ያበዛዋል። መውጣት ተወ። አበቦቹን እንኳ ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ በረዥም ቱቦ ነበር የሚያጠጣቸው።

ዳይሬክተሯና ኤዲተሩ ሊጠይቁት ቤት መጡ። ልጅቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነገሩን ከምትናገረው ይልቅ ሻይዋን ብታማስል የመረጠች ይመስላል።

"ጋሼ፣ የታናሽ ወንድምዬው ቤት የተከራየነው እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው። ከዚያ ባለቤቶቹ ይገቡበታል። ፕሮዲውሰሩ... ሁለት ነገር ነው የሚለው። አንደኛው፣ የእርስዎን ቦታ ሌላ ተዋናይ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲሠራው።"

"ሁለተኛውስ?"

ልጅቷ ወደ ኤዲተሩ አየች። ኤዲተሩ ወደ ጣሪያው አየ።

"ሁለተኛው፣ አሁን እንዳለ እንቅረጸው ነው የሚለው። ታላቅ ወንድምዬው በንዴት ፊቱ ጠመመ ብለን እናስገባው፣ ሰዉ በሳቅ ይሞታል ነው የሚለው።"

ቆይማ ከንፈሩን በመሐረብ ያዘ። ቃላቱ እንዳይንሸራተቱ በእጁ እየደገፈ፣ ቀስ እያለ ተናገረ። "ልጄ፣ በዚህ ፊት ዕድሜ ልኬን ሰው አስቄአለሁ። የማስቀው ግን እኔ ነበርኩ። ቅንድቤን የማነሣው እኔ፣ የማወርደው እኔ። አሁን ግራው በኩል ያለው ነገር እኔን አይሰማኝም። በሱ የሚስቅ ሰው እኔ ባልሠራሁት ነገር ነው የሚስቀው። ሐኪም ቤት አይቼዋለሁ። አልፈልገውም።"

"ሌላ ሰው ከተተካ ግን" አለ ኤዲተሩ፣ "ወሬው ይወጣል። ቆይማ አለቀለት ይባላል። ከዚያ ማን ይጠራሃል?"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ደግሞ ልንገርህ፤ ሳቁን የምለካው ከቅንድብህ ነው። ቅንድብህ ሲወጣ ሰዉ ይጀምራል፣ ሲወርድ ይጨርሳል። ያለሱ የት ብዬ ነው የምቆርጠው?"

"እኔ ምን ላድርግህ? ሄጄ ቅንድብ ልግዛ?"

"አትቆጣ እንጂ።"

"ልቆጣ! ቤቴ ድረስ መጥታችሁ አለቀልህ ትሉኛላችሁ፣ አትቆጣ ትሉኛላችሁ። በቃ፣ እኔ ልሂድ!"

ተነሣ። ባርኔጣውን ከመስቀያው ነጠቀና ራሱ ላይ ደፋው። በሩ ጋ ደርሶ መያዣውን ጨበጠ። እዚያ ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ ትዝ አለው፦ ይህ የገዛ ቤቱ ነው፤ ውጭ ደግሞ ሰው አለ። እጁ በመያዣው ላይ ቀረ። ጀርባው ለተቀመጡት ነው። ትከሻዎቹ ለመውጣት እንደተነሡ ቆሙ፤ ከዚያ አንደኛው ወረደ፤ ሌላው እንደ ኩራት ሆኖ ትንሽ ቆየና እሱም ወረደ። መያዣውን ለቀቀው። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሊሰቅለው ዘረጋ፣ ከሰቀለው ደግሞ መሸነፉ ነውና እንደገና ደፋው። እንደገና መያዣውን ያዘ።

ከሶፋው በኩል የታፈነ ማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ ተሰማ።

"ማነው የሚስቀው?" አለ ቆይማ ሳይዞር።

"እኔ ነኝ" አለ ኤዲተሩ። "ይቅርታ። ግን እኔ ነኝ።"

"በፊቴ ነው የሳቅከው?"

"ፊትህን ማን አየው!"

"ጋሼ፣ እንዳይዞሩ!" ልጅቷ ብድግ ብላ ሻይዋን ምንጣፉ ላይ ደፋችው። "በሞቴ እንዳይዞሩ! እንደቆሙ ይቁሙ!"

ትዕይንቱ በሳምንቱ መጨረሻ ተቀረጸ። ልብሱን ሚስቱ አዘጋጀችው። ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ የለበሰው ቡናማ ኮት ከፊት የሚያምር፣ ከኋላ ግን ጆንያ ነበር፤ እስከዚያ ከኋላ ያየው ስላልነበረ ግድ አልሰጣትም። አሁን የጀርባውን ስፌት ፈትታ ትከሻው ሲወርድ ጨርቁም አብሮ እንዲወርድ አድርጋ ገጠመችው።

ቤቱ ጠባብ መተላለፊያ ነበረው፤ በመጨረሻው አረንጓዴ በር አለ። ካሜራው ከኋላ ቆመ። ቆይማ ብርቱካን የያዘ ላስቲክ ጨብጦ ገባ። በሩ ላይ ሲደርስ ላስቲኩን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረው፤ ለልመና የመጣ እንዳይመስል ወደ ጎን ደበቀው፤ ባዶ እጁን የመጣ እንዳይመስል መልሶ አወጣው። ለማንኳኳት እጁን አነሣ። የአንገቱ ሥሮች ተገታተሩ። እጁ በአየር ላይ ቀርቶ ኮሌታውን አስተካከለ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ተመለሰ፤ ትከሻዎቹ ቀስ ብለው ወረዱ። በመጨረሻ አንኳኳና ቀጥ ብሎ ቆመ።

የሚጠብቀው ግን ሌላም ነገር ነበር። በቀድሞዎቹ ፊልሞች ሁሉ በጭንቅላቱ ውስጥ የሚስቅለት አዳራሽ ነበረው። አሁን ወፍ የለም። በጀርባ ሠርቶ ስለማያውቅ የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንደከሸፈ አልታወቀውም። ዳይሬክተሯም "ከት" አላለችም። ቆመ፤ ቆመ። ቢጨንቀው ፊቱን ሳያሳይ ቀኝ ጆሮውን ብቻ በትንሹ ወደ ኋላ ሰጠ፣ አልቋል ወይ ለማለት። ዞሮ ሲያይ ዳይሬክተሯ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች፤ ድምፅ ቀጂው የማይክሮፎኑን ዘንግ ለሌላ ሰው አስይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"እነዚህ ያውቁኛል፣ ስለሚወዱኝ ነው" አለ ማታ ለሚስቱ። "የማያውቀኝ ይፍረድብኝ።"

ልክ የሚወሰድበት ቀን ደረሰ። ኤዲተሩ እንደ ልማዱ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ ተቀመጠ። ቆይማ መብራት እስኪጠፋ ውጭ ቆይቶ ከሚስቱ ጎን ገባ። ፊልሙ እስከ መጨረሻው በሳቅ ሄደ፤ ያ የድሮው ፊቱ ነው፣ አልቆጠረውም። አረንጓዴው በር መጣ። ላስቲኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር ማንም አልሳቀም። ሲደበቅ ማንም አልሳቀም። ቆይማ የሚስቱን ክንድ ጨመቀ። ላስቲኩ እንደገና ብቅ ሲል ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት "እህህ" አለች። ከኋላዋ ያለው ተቀበላት። እጁ ወጥቶ ኮሌታውን ሲይዝ አዳራሹን ሁሉ ሳቅ ያዘው፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ ፈነዳ። ከማንኳኳቱ በፊት ግን፣ ትከሻዎቹ ቀስ ብለው ሲወርዱ፣ ሳቁ ማንም ሳያዘው ቆመ። አንድ ሰው አፍንጫውን ነፋ። አንኳኳ። ጆሮው ወደ ኋላ ሲዞር ወንበሮቹ እስኪንጫጩ ተሳቀ።

መብራቱ ሲበራ ኤዲተሩ እያላበው መጣ። "መሐል ላይ ዝም ያሉበት ቦታ አለ፣ ልታንኳኳ ስትል። በሥራዬ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ምን ላድርገው?"

"ምን ያህል ቆየ?"

"ረዘም ይላል።"

"እንዳትነካው" አለ ቆይማ።

ፊልሙ ተወደደ። ፊቱም ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ፦ መጀመሪያ ጉንጩ፣ ቀጥሎ ከንፈሩ፣ ከዚያ የዐይኑ ቆብ። የግራው ቅንድብ ብቻ እስከዛሬ አልተነሣም። ሐኪሙ ከእንግዲህም እንደማይነሣ በግልጽ ነግሮታል። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ አሁንም ይሳቃል፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ይጠብቃቸዋል። ስክሪፕት ይዘው የሚመጡ ዳይሬክተሮች በየመሐሉ "ይሄንን ከኋላ ብትወስዱኝስ?" ሲላቸው አንዳንዶቹ ቅንድቡን ሊደብቅ ይመስላቸዋል። አያስረዳቸውም። ዞሮ ያሳያቸዋል።

በዚህ ሳምንት አዲስ ሥራ አለው፤ በስብሰባ ሁሉ ላይ የመጨረሻው ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ጡረተኛ መምህር። ሚስቱ ግራጫ ኮት ሰፍታለታለች። ሳሎን መሐል አቁማ፣ ከኋላው ሆና መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ትለካዋለች። ከፊት ቁልፎቹ ተዛንፈው ተቆልፈዋል፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

"አትንቀሳቀስ" አለችው።

"ድንጋይ ሆኜልሻለሁ።"

"ትከሻህ ያወራል።"

"ምን ይላል?"

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ራቀች።

"ዞር አትበልና ልስማው" አለች።